ከጉና ግርጌ፣ ከበሮ ያልተመታበት ትርኢት

የመጀመሪያው ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ፤ እኔ ጉዞ የምወድ ሰው አይደለሁም። አልጋዬን እወዳለሁ። ሳሪስ ያለችውን ጠባብ የልምምድ አዳራሼን እወዳለሁ፤ ከአዳራሹ ሥር ያለውን ፉል ቤትም እወዳለሁ። ጉልበቴ ከስንት ዓመት ዳንስ በኋላ ደረጃ ባየ ቁጥር ይጮህብኛል። እንግዲህ ደቡብ ጎንደር ድረስ የሄደችው እንዲህ ያለች ሴት ናት። ይህን የምጽፈው ደግሞ ከተመለስኩ በኋላ፣ ገላዬን በደንብ ታጥቤ ነው።

ሥራችን የዳንስ ቴአትር ነው። ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርን፣ ልጆቹ የሚያውቁትን ችግር በንግግር ሳይሆን በሰውነታቸው እንዲናገሩት እናሠለጥናለን። የዘንድሮው ትርኢታችን ምጥ ስለያዛት ሴት ነው። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት፣ “መኪና እየመጣ ነው፣ ጠብቁ” ይባላሉ። ቃሬዛውን መሬት ላይ ያወርዱና ስልካቸውን ወደ ሰማይ እየዘረጉ፣ ኔትወርክ ፍለጋ እየተሽከረከሩ ይጨፍራሉ። አዲስ አበባ ላይ ሰው በሳቅ የሞተበት ትዕይንት ነው፤ እኔም ኮርቼበት ነበር። ቪዲዮውን ከደብረ ታቦር ማዶ ካለችው ገሳይ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ለሚያስተምር መምህር ይርጋ ለሚባል ሰው ልከንለት፣ የትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ ልጆች ወራት ሲለማመዱ ቆይተዋል። የእኛ ድርሻ ሄዶ ማስተካከልና በገበያ ቀን አብሮ ማሳየት ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ባሕር ዳር በአውሮፕላን ደረስን። የልብሳችን ሻንጣ ግን አልደረሰም። ሁሉም አልባሳት፣ ነጠላው፣ መቀነቱ፣ የተሸካሚዎቹ ጋቢ በሙሉ እሱ ውስጥ ነበር። “ነገ ይደርሳል” አለችኝ የሻንጣ ክፍሏ ልጅ በፈገግታ። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ ከዚህ በኋላ እንደ ጸሎት ስንሰማው ነው የምንከርመው።

አብረውኝ ያሉት ሁለት ተወዛዋዦች ናቸው፤ ዳዊትና ሜሮን። ሚኒባስ ተኮናተርን። ሾፌሩ “አሁን እንነሣለን” ብሎ ሄደና ቁርሱን በልቶ፣ ጎማ አስነፍቶ፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ ተመለሰ። ወረታ ስንደርስ ደግሞ ለምራቱ ሽንኩርት ሊገዛ ቆመ። የእኛ ሰፈር ታክሲ ቢያንስ ሲያንገላታህ ይሳደብልሃል፤ ይሄ ሰውዬ እያንገላታን “አይዟችሁ፣ ደረስን” ይለናል። ሜዳው ላይ ደረስን፤ ዳገቱ ሥር ደረስን፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ፈልቶ ቆመን ጭሱን እያየንም ደረስን። ኧረ በሕግ!

ደብረ ታቦር ስንገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ግንቦት ላይ እንዲህ የሚበርድ አገር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ውሃ የለም። “እየመጣ ነው” አለ አስተናጋጁ። ከየት ነው የሚመጣው፣ በእግሩ ነው? ግን እውነቱን ልናገር፤ ወጥ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ስነክስ አይታኝ ኖሮ፣ ሳልጠይቃት በትልቅ ሳፋ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራበት ክፍሌ ድረስ አመጣችልኝ። እምቢ ብላት ጎንበስ ብላ ራሷ ጉልበቴን ማሸት ጀመረች። “በሞቴ፣ ዝም በይ” አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የምከፍለውን ሳስበው አፈርኩና ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ለከተማው መምህራን ሥልጠና ነበረን። አዳራሹ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ዘመድ ሊቀብር ሄዷል፤ “እየመጣ ነው”። እሺ፣ ግቢው ውስጥ እንሥራ አልኩ። መምህራኑ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው ተደርድረው ተቀመጡ። ጫማ አውልቁ ብል አንድም ሰው አላወለቀም። አንዱ የሥነ ዜጋ መምህር እጁን አወጣና፣ “ይቅርታ፣ ሞጁሉ የታለ?” አለኝ።

“ሞጁል የለውም፤ ዳንስ ነው” አልኩት።

“ገባኝ። ግን ሞጁሉ?”

ሜሮን ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። ለማንኛውም፣ ሳይነሡ ከወገብ በላይ እንዲንቀሳቀሱ አደረግኳቸውና ትከሻቸው ወዲያው ሥራ ጀመረ። ያን አገር ትከሻ ማን ያስቆመዋል! የሥነ ዜጋው መምህር ከሁሉም በለጠ፤ ሲጨርስ ግን ተመልሶ ስለ ሞጁሉ ጠየቀኝ። እኛ ጋ ሥልጠና ላይ ሰው የሚጨነቀው ስለ ውሎ አበል ነው፤ ሞጁል የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሻንጣው? “ነገ።”

ሦስተኛው ቀን

ወደ መምህር ይርጋ ከተማ የሚወስደው መንገድ ትናንት ማታ ዘንቦበት ጭቃ ሆኗል። ገሳይን አልፈን ከአስፋልቱ እንደወጣን ጎማው ሰጠመ። ወረድን፤ ገፋን፤ ዳዊት እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለበሰ። በመንገዱ የሚያልፉ ገበሬዎች ማንም ሳይጠራቸው ኩታቸውን ጥለው ገቡበትና መኪናዋን እንደ ጥጃ አንሥተው ወዲያ አስቀመጧት። ለሻይ ብዬ ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ።

መምህር ይርጋ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። “ሁሉም ዝግጁ ነው” አለን። ማረፊያችን ትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ቤት ነበር። የእሳቸውን ምግብ ብዘረዝር ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የድንች ወጥ፣ የገብስ ዳቦ፣ እርጎ፣ ከዚያ እንደገና የድንች ወጥ። ጠገብኩ ማለት እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ስድብ ነው። “ምነው፣ ከፋብሽ? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ” እያሉ ያጎርሱኛል። አዲስ አበባ ለእንግዳ አንዴ “ብላ” ብለን ፊታችንን የምናዞር ሰዎች፣ እዚህ ብንመጣ በሁለት ቀን ልብሳችን አይገባንም።

ከሰዓት ልምምድ ገባን። ልጆቹ መጡ፤ ጎበዞች ናቸው። ግን ዋናዋ የለችም። በቃሬዛ የምትተኛውን፣ ባለ ምጧን የምትሠራው እናኑ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ መምህር ይርጋ በላከልን ቪዲዮ አይቻታለሁ፣ እንደሷ ያለ ሰውነት በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

“እናኑስ?”

“ነገ ትመጣለች” አለ መምህር ይርጋ መሬት እያየ።

“ከበሮውስ? ያለ ከበሮ እንዴት ነው የምንሠራው?”

“ቆዳው ላልቷል።”

“ይወጠራ!”

“የሚወጥረው ሰው ገበያ ሄዷል።”

እሺ አልኩ። ደም ግፊቴ ግን እሺ አላለም።

አራተኛው ቀን

ጠዋት እናኑ የለችም። ከበሮ መቺው ደግሞ በአንድ ጀንበር ታሟል። ትናንት ቆዳው ነበር የታመመው፤ ዛሬ ሰውዬው። ልጆቹን ብጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዳዊትን ብጠይቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ልብስ የለን፣ ከበሮ የለን፣ ባለ ምጥ የለችን! “በቃ ሜሮን፣ አንቺ ትተኚያለሽ” ብዬ ወሰንኩና ንዴቴን ለማብረድ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ገባሁ።

ከበሮው እዚያ ተሰቅሏል። ነጠላ ለብሷል። ነጠላውን ገለጥኩት፤ ቆዳው እንደ ግንባሬ የተወጠረ ነው። ይሄኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። በር ላይ አወጣሁትና፣ “ይሄ ነው የላላው? ይሄ ነው?” ብዬ በመዳፌ ድም! አደረግኩት።

ልጆቹ ባሉበት ደረቁ። ከአጥሩ ማዶ ውሃ የቀዱ ሴቶች ቆመው፣ እኔን ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ጉና ተራራ በኩል ያለውን ተረተር አዩ። ወይዘሮ ጥሩዬ ሊጥ የነካ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሮጠው መጡና ከበሮው ላይ መዳፋቸውን ጋደም አድርገው፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም እንደሚያሰኝ ሰው ያዙት።

“ልጄ፣ ከላይ ሐዘን አለ” አሉኝ ቀስ ብለው። “የእናኑ እኅት ናት። ይታክቱ። በምጥ ነው ያለፈችብን፤ አርባዋ እንኳ አልወጣም።”

ከኋላዬ የቆመውን መምህር ይርጋን ፊቴን ሳላዞር፣ “እያወቅህ?” አልኩት። “ስለዚሁ ነገር ትርኢት ይዘን እንደምንመጣ እያወቅህ፣ ሁሉም ዝግጁ ነው አልከኝ?”

“ብናገር ትቀሩ ነበር” አለ። “እናኑ ናት አትንገራቸው ያለችኝ። ከቀራችሁ እሷ ይህን ነገር መቼም አትሠራውም። እንግዳ ደግሞ ገና ሳያርፍ መርዶ አይነገረውም፤ ዛሬ ነገ ስል ...”

ሰው ለሰው አዝኖ እንዲህ ይዋሻል? ከንዴቴ አልበረድኩም፤ ዛሬም አልበረድኩም። ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ለቅሶ ልደርስ ተነሣሁ። ለጉልበቴ በቅሎ መጣልኝ። ባለቤቱ አቶ ምኒችል የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ አልተነፈሱም። አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ጋ ስንደርስ ከደህናው መንገድ ወጥተው በቅሎዋን በጭቃው መሃል ወሰዷት። እንሸራተታለን፤ ልወድቅ ደረስኩ።

“ኧረ አቶ ምኒችል! መንገዱ እዚያ ደርቆ ተቀምጦ ለምን በጭቃ?”

“ያ ተበላሽቷል” አሉኝ። ሌላም ውሸት ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

የእናኑ እናት ወይዘሮ ደብሬ ከደጃቸው ተቀምጠዋል። ሳልቀመጥ “ምሳ በልታለች?” ብለው ሌሎቹን ጠየቁ። ሐዘንተኛዋ ናቸው ስለ እኔ ምሳ የሚጨነቁት። ከዚያ ዓይኔን አዩና፣

“ያን ከበሮ የመታው ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ፣ እናቴ። አላወቅሁም። ይቅር ይበሉኝ።”

“አላወቅሽም፤ ምን ታደርጊ” አሉ። “እናኑ እኅቷ ካለፈች ወዲህ ትምህርት ቤት አልረገጠችም። ያን ጨዋታ ግን ጓዳ ገብታ ትሠራዋለች። እኔ የማላይ መስሏት። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ደግማ ትተኛለች።” ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። “መጨረሻው ምንድን ነው? እንደው ንገሪኝ። ጤና ጣቢያው ትደርሳለች?”

“ትደርሳለች” አልኳቸው።

“እንግዲያው ትሥራው። ከበሮ ግን አይመታ።”

እናኑ ከጓዳ ወጣች። በቪዲዮ ካየኋት ቀጥናለች። ላስደስታት ብዬ፣ የመጠበቁን ትዕይንት፣ ያን የስልኩን ጭፈራ እንደማወጣው ነገርኳት። ከዚያ በፊት እንኳን ድምፅ፣ ትንፋሽ ያላወጣች ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ።

“እሱ ከወጣ እኔም አልሠራም።”

“ለምን፣ እናኑዬ? እናትሽ ያዩታል እኮ።”

“እነሱም ይዩት” አለች። የምታየው የበቅሎዋን ኮርቻ የሚያጠብቁትን አቶ ምኒችልን ነበር።

ስንወርድ የኮሶው ዛፍ ጋ በድጋሚ ወደ ጭቃው ሲያዞሩ፣ ጉልበቴ ቢሰበርም ይሰበር ብዬ ከበቅሎዋ ወረድኩ። “አሁንስ እውነቱን ይንገሩኝ” አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የተናገሩት።

“እዚያ ዛፍ ሥር አወረድናት። መኪናው ደረሰ፣ ደረሰ፣ አትንቀሳቀሱ እያሉ ከጤና ጣቢያው ይደውሉልናል። እሱ ለካ ጭቃ ይዞታል። እኛም እሺ ብለን ተቀመጥን። በእግራችን ብንወስዳት ኖሮ ጤና ጣቢያው ያውና፣ ይታያል። አራት ወንዶች ሆነን ... ተቀመጥን።”

በጭቃው አብሬያቸው ሄድኩ።

አምስተኛው ቀን

የመመለሻችንን ነገር እዚሁ ላይ ልገላገለው፤ በኋላ ስለሱ የማወራበት አፍ አይኖረኝም። ከትርኢቱ በማግስቱ ወጣን፤ ጭቃው ያዘን፤ አወጡን፤ ሾፌሩ “ደረስን” አለ፤ አልደረስንም። ወይዘሮ ጥሩዬ አንድ ከረጢት ድንች አሸክመውኛል፤ አውሮፕላን ላይ ድንች ይዤ ስሳፈር አስቡኝ። ባሕር ዳር ስንደርስ የልብሱ ሻንጣ በክብር ተቀምጦ ይጠብቀናል። “ይኸው ደረሰ!” አለችኝ ልጅቱ፣ ያው በፈገግታዋ።

አሁን ወደ ገበያው ቀን።

ሜዳው ከገበያው ጎን ነው፤ ከጉና የወረደው ሁሉ በጉን፣ ድንቹን፣ ገብሱን ሸጦ ያልፍበታል። ልብስ ስላልነበረን ልጆቹ የየቤታቸውን ለበሱ። ከበሮ የለም፤ እግር ብቻ ነው። ጠዋት ሙሉ “እግራችሁ ይሰማ! መሬቱን ንገሩት!” እያልኩ ስጮህ ነበር የዋልኩት። ሰው በክብ ቆመ። ወይዘሮ ደብሬ በሴቶች ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ከወዲያ ማዶ አቶ ምኒችል ከሦስት ሰዎች ጋር ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማን እንደሆኑ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

እናኑ ምጡን ጀመረች። እናንተ ልጆች፣ እኔ ብዙ ተወዛዋዥ አይቻለሁ፤ ሆዷን ይዛ አንዴ ስትታጠፍ ከሴቶቹ መሃል “ውይ ልጄን!” የሚል ድምፅ ወጣ። ቃሬዛው መጣ። ዳዊትና ሦስት የክበቡ ልጆች አነሧት፤ እግራቸው መሬቱን እየመታ ሜዳውን ዞሩ። ስልክ ጮኸ። “መኪናው እየመጣ ነው! ጠብቁ!” አወረዷት።

ዳዊት ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መሽከርከር ጀመረ። አንድም ሰው አልሳቀም። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ዳዊት ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ያየኛል፣ ይዞራል፣ ያየኛል። እኔ ደግሞ በልቤ ያን ትዕይንት የፈጠረችውን ሴትዮ፣ ራሴን ማለቴ ነው፣ ያልሰደብኳት ስድብ የለም። ለምን ይሄን ያህል አረዘምሽው? ምን አስቆሽ ነበር? ወይዘሮ ደብሬ ቃሬዛውን እያዩ ነው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። እናኑ መሬት ላይ ተኝታ እጇን ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣ ትዘረጋለች።

አቶ ምኒችል ዱላቸውን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጡ። ክቡን ሰብረው ገቡ። ዳዊት ጋ ሄደው፣ “ዞር በል” አሉት። ዳዊት ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ። የቀሩት ሦስቱም መጡ። አራቱም እኩል አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጓት።

“ይሄ የለም እኮ! መጨረሻው በዚህ አይደለም!” አለችኝ ሜሮን እጄን እየጎተተች። እሷ ገና የመጨረሻውን የደስታ ጭፈራ ልትሠራ ተዘጋጅታ ነበር። ያን ጭፈራ ያየው የለም።

ሰዎቹ ሜዳውን አልዞሩም። ቀጥ ብለው ወጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። በገበያው መሃል አለፉ፤ ድንች ሻጩ ተነሣ፣ ጨው የምትሰፍረው ሴት ጣሳዋን እንደያዘች ቆመች። የሚዘፍን የለም፣ የሚያለቅስም የለም። ያ ጠዋት ሙሉ ስለምነው የዋልኩት የእግር ድምፅ አሁን ነው የመጣው። እኔም ይቺን ጉልበቴን እየረገምኩ፣ እየሮጥኩ፣ “ኧረ ቀስ በሉ፣ ልጅቷን እንዳትጥሏት!” እያልኩ ተከተልኩ። ዳገቱን ተሸካሚ ሳይቀይሩ፣ ሳያወርዱ ወጡት።

የጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ሕዝቡን አይታ እየሮጠች ወጣች፤ ጓንቷን በሩጫ ላይ ታጠልቃለች።

“ማናት? ምጧ ከጀመራት ስንት ሰዓት ሆነ?” አለች።

አቶ ምኒችል ቃሬዛውን በሩ ላይ በቀስታ አወረዱ።

“ደረስን፣ እኅቴ” አሉ። “አሁን ደረስን።”

ነርሷ እናኑን አየቻት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ፊቷ በእንባ የራሰ። ከዚያ አራቱን ሰዎች አየች። አወቀቻቸው። ጓንቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ወይዘሮ ደብሬ በሴቶቹ ተደግፈው ከኋላ ደረሱ። አቶ ምኒችልን አልፈው ሲሄዱ ትከሻቸውን፣ ቃሬዛው ያረፈበትን ቦታ፣ በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

“ተነሺ፣ እናኑዬ” አሏት። “በእግርሽ እንሂድ።”